ጀርባውን ለመንገድ የሰጠ ቤት

ጥቅምት 8 ቀን

ለምወድህና ለምሳሳልህ ታናሽ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስህ። ፈጣሪ እጅህን ከጉዳት፣ ጉልበትህን ከድካም፣ ዓይንህን ከሲሚንቶ ብናኝ ይጠብቅልህ። እኛ ደህና ነን። እማም ደህና ናት፤ ጉልበቷ አልፎ አልፎ ይከዳታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው።

ስልክ እያለ ምን ወረቀት ያስፈጃታል እንዳትለኝ። በስልክ እማ «ጤና ነህ? በላህ? ብርድ ነው?» እያለች ስትጮህ፣ አንተም «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ስትል ካርዱ ያልቃል። ቁም ነገሩ ሳይነሳ ይዘጋል። ደብዳቤ ሲሆን ግን ተቀምጣ ነው የምትሰማው። ሁለቴ ታስነብበኛለች፣ ከዚያ ራሷ በቃሏ ትለዋለች። ስለዚህ ቁም ነገር በወረቀት ይሁን።

ቁም ነገሩ ይኸውልህ፤ ከዚህ ግቢ ልንወጣ ነው። አከራያችን ባለፈው ሳምንት መጥተው ደጃፌ ላይ ተቀመጡ። ኪራይ ሊጨምሩ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። እሳቸው ግን የመጡት ለባሰው ነው። ልጃቸው ግቢውን አፍርሶ ፎቅ ሊያቆምበት ነው። «እኔም እንደናንተው ዕቃዬን ይዤ ልወጣ ነው» ብለው አለቀሱ፤ ሻይ አፍልቼ እሳቸውን ሳባብል ዋልኩ። አስበው እንግዲህ፣ የምባረረው እኔ፣ የማባብለውም እኔ። ክረምት ከመግባቱ በፊት እንድንለቅ ነው የተነገረን።

ከዚያ ወዲህ እንደ ደላላ ከተማውን ስዞር ነው የምውለው። በመጀመሪያ ያየሁት ዳር ላይ ከተሠሩት አዳዲስ ፎቆች አንዱን ነው። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ባንቧው ከውስጥ ነው፣ በሩን ስትዘጋው ጫጫታ ሁሉ ውጭ ይቀራል። ግን አምስተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰሩ «ይመጣል» የሚባል ነገር ነው፤ ቦታው ተትቶለት ጨለማ ጉድጓድ ሆኖ ቆሟል። እማን እዚያ ባወጣት መውረጃዋ መቼ ሊሆን ነው?

ሌላው እዚሁ ሰፈር፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለች አንድ ክፍል ናት። ጠባብ ናት፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከአልጋህ ሳትነሳ «ይማርህ» ማለት ትችላለህ። ነገር ግን ደንበኞቼ በእግራቸው የሚደርሱባት ናት። ሱሪ ለማሳጠር ብሎ ታክሲ የሚሳፈር ሰው የለም። ከዚያ ደግሞ አንተ በሄድክ በዓመቱ የገዛነው ባዶ መሬት አለ። ያኔ ሣር ብቻ ነበር፤ አሁን ሄጄ ባየው ዙሪያው ቤት በቤት ሆኗል። የኛ ብቻ እንደ ጎደለ ጥርስ ተከፍቶ ይታያል።

የኔ ልብ ያለው ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ነው። እማን ስጠይቃት «እናንተ እንዳላችሁ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። አንተስ ምን ትላለህ? ቶሎ ጻፍልኝ። ደግ ደጉን ያሰማን።

እህትህ

*

ኅዳር 14 ቀን

ለታላቋ እህቴ፣ ለሁለተኛዋ እናቴ፣

ናፍቆቴ ልክ የለውም። አምላክ መርፌሽን ከመሰበር፣ አንቺን ከመከፋት ይሰውርልኝ። እማን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ብርዱ ጀምሯል፣ በልቻለሁ፣ ጤናም ነኝ። ሦስቱም ጥያቄ ተመለሰ።

ደብዳቤሽን ማንበብ ስጀምር ተቀምጬ ነበር፤ ስለ ዳቦ ቤቱ ጀርባ ስደርስ ግን ተነስቼ ቆምኩ። እታለም፣ ምን ነካሽ? የራሳችን መሬት እያለ እንደገና በሰው ግድግዳ ሥር? እንደገና «መብራት አጥፉ፣ ውሃ ቀንሱ» ሲባል ልንኖር? እኔ እዚህ ከጠዋት እስከ ማታ ተንበርክኬ የሰው ወለል ሳነጥፍ የምውለው ለምን ሆነና ነው? የማነጥፈው ቤት ሁሉ ሬሳ ቤት ነው የሚመስለኝ፤ ይበርዳል፣ ይብለጨለጫል፣ የማንም አይደለም። የኛ ግን የኛ ይሁን።

ሥዕሉን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። አትሳቂ፤ እጄ ለሴራሚክ እንጂ ለእርሳስ አልተፈጠረም። ሲገባ ሳሎን ነው። በቀኝ የእማ ክፍል፣ ከጎኑ ያንቺ። በግራ ኩሽና። ከኋላ፣ ጥጉ ላይ ያለው የኔ ነው። ከኋላ ያደረግሁት ስመጣ ብዙ መተኛት ስለምፈልግ ነው፤ የስንት ዓመት እንቅልፍ ይጠብቀኛል። መስኮቱን ሰፋ አድርጊልኝ።

በሩንና በረንዳውን ወደ ችካሎቹ አዙሪው። በላክሽልኝ ፎቶ ላይ ቀይ ቀለም የተቀቡ ችካሎች ከመሬታችን ፊት ተደርድረው አይቻለሁ። መንገድ ሊወጣ ነው ማለት ነው። መንገዱ ሲመጣ የስፌት መኪናሽን በረንዳው ላይ አውጥተሽ ትሰፊያለሽ፤ አንቺ ሰው እያየሽ፣ ሰውም አንቺን እያየሽ። ስለ ደንበኛ አትስጊ። አዲስ ሰፈርም ሱሪ ይለብሳል።

ለመሠረቱና ለብሎኬቱ የሚሆነውን ልኬያለሁ። ሌላውን በየጊዜው። እሺ በይኝ። ዕድሜ ለሁላችን ይስጠን።

ወንድምሽ

*

ጥር 27 ቀን

ለወንድሜ፣ ለባለ ሥዕሉ፣

ሰላምህ ይብዛ፤ የያዝከው ይባረክልህ። እንግዲህ አሸንፈኸኛል። እውነቱን ልንገርህ፣ ያሸነፈኝ ስለ ሬሳ ቤት የጻፍከው አይደለም። «አዲስ ሰፈርም ሱሪ ይለብሳል» የሚለውን ሳነብ እማ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ ሰማኋትና ነገሩ አለቀ።

ገብተናል። አልቆ እንዳይመስልህ፤ ግድግዳው ቆሞ ቆርቆሮው እንደተመታ ነው የገባነው። እዚህ ሁሉም እንዲህ ነው የሚገባው፤ ወዲያ ኪራይ ወዲህ ሲሚንቶ የሚችል ትከሻ የለም። ሰው መጀመሪያ ይገባል፣ ቤቱ ከኋላ ይደርስበታል። መስኮቶቹ ላይ ላስቲክ ወጥረናል፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ቤቱ በሙሉ ይንጓጓል። ወለሉ አፈር ነው። የሴራሚክ ሠራተኛ እህት አፈር ላይ ትተኛለች ብለህ ለጓደኞችህ አውራላቸው።

ግንበኛው ስም አለው፤ እኛ ግን «ነገ» ነው የምንለው። መሠረቱ መቼ ያልቃል? ነገ። ቆርቆሮው መቼ ይመታል? ነገ። አንድ ቀን እማ ተናዳ «ልጄ፣ ዛሬ የሚባል ቀን ሰምተህ ታውቃለህ?» አለችው። «እማማ፣ ዛሬማ ደክሞኛል» አላት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው፣ ሲሠራም ያንጎራጉራል። ያንተን መስኮት ቦታ ሰፋ አድርጎ ክፍት ትቶልሃል። የመስኮቱን ብረት ዋጋ ስትልክ እናስገጥመዋለን።

የኛ መደዳ በሙሉ ልክ እንዳልከው ፊቱን ወደ ችካሎቹ አዙሯል። ጎረቤታችን የታክሲ ሹፌሩ ከወዲሁ ለሱቅ የሚሆን ሰፊ የላሜራ በር አስገጥሞ፣ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ ይጠብቃል። እዚህ ሰው ሲገናኝ ከሰላምታ በፊት «መንገዱ መቼ ነው?» ነው የሚባባለው። እስከዚያው እኔ ጠዋት ሁለት ታክሲ እየያዝኩ ድሮ ሰፈራችን እሄዳለሁ። እዚያ ያለች አንዲት የጨርቅ ነጋዴ ከሱቋ ደረጃ ሥር መኪናዬን እንዳስቀምጥ ፈቅዳልኛለች። ስሰፋ የሰው ጫማ ከራሴ በላይ ይወጣል ይወርዳል። ማታ የታክሲው ሰልፍ ወገቤን ይቆርጠዋል፤ ቤት ስደርስ ከእማ ጋር ለመጫወት አቅም የለኝም። ቤት ሠራሁ እንጂ ቤቴን ገና አላየሁትም።

ስለ ክፍልህ ልንገርህና ላብቃ። እማ ከሁሉ በፊት የጠረገችው ያንተን ነው። አፈር ወለል እንዴት ተደርጎ እንደሚጠረግ አላውቅም፤ እሷ ግን ውሃ እያርከፈከፈች ትጠርገዋለች። ሲሚንቶውን ከዝናብ ለማዳን እዚያ እናስገባው ብንላት «የሰው ክፍል ነው» ብላ በሩ ላይ ቆመች። ሲሚንቶው ከኔ አልጋ አጠገብ ነው የሚያድረው። ስንተነፍስ አብረን ነው።

አምላክ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ

*

መጋቢት 30 ቀን

ለእህቴ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናችሁ ይብዛልኝ። መዘግየቴን ይቅር በሉኝ፤ ሥራ በዝቶ ነው።

ስለ መስኮቴ አትቸገሪ። ክፍት ቦታ ሌባ መጥራት ነው፤ ለጊዜው በብሎኬት ይደፈን። ልስኑም ለኔ ክፍል አያስቸኩልም። የምልከው አሁን ትንሽ ሳሳ ስለሚል መጀመሪያ የእማ ወለል ሊሾ ይሁንላት፣ ከዚያ ያንቺ። የኔ ይቆይ።

ከዚህ ሌላ ብዙ ወሬ የለኝም። ሰሞኑን ወለሉን የማነጥፈው ቤት ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው። ይህ ከተማም እንደናንተው ነው፤ ዛሬ ከመስኮት ያየሽው ሰማይ ወር ሳይሞላው ግድግዳ ይሆናል። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ኩሽናው ጠበብ ቢልም ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል፤ ጥጉ ላይ ትንሽ ጠረጴዛ ቢቀመጥ ሁለት ሰው ቁርሱን እዚያው ይበላል። ከመኝታ ክፍሉ በር ኋላ ትንሽ ቦታ ተርፏል፤ መደርደሪያ ቢመታበት ለልብስ ይሆናል። መስኮቱ ሲዘጋ የመኪናው ድምፅ ብዙም አይሰማም። ከታች የሚሸጥ ነገር ሁሉ አለ።

እማን ሳሚልኝ። አደራ።

ወንድምሽ

*

ሰኔ 3 ቀን

ለወንድሜ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ባለህበት ቀን ይውጣልህ።

መንገዱ መጣ። ደስ ይበልህ። ከኋላችን ነው የመጣው።

አልቀለድኩም። ማክሰኞ ዕለት ትልልቆቹ መኪናዎች መጡ ሲባል የመደዳው ሰው በሙሉ ሥራውን ጥሎ በረንዳው ላይ ወጣ። ሁላችንም ወደ ችካሎቹ አፍጥጠን ስንጠብቅ ጉርምርምታው ከጀርባችን ተሰማ። የታክሲ ሹፌሩ «ተሳስተዋል፣ ልንገራቸው!» ብሎ በጓሮ ሮጠ። እኔም ነጠላ ጫማዬን እየጎተትኩ ተከተልኩት። እዚያ የቆመው ኃላፊ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ ሹፌሩ ተናግሮ እስኪጨርስ ታገሰውና ረጋ ብሎ መለሰለት።

«መንገዱ በዚህ በኩል ነው።»

«ችካሎቹስ? እነዚያ ቀዮቹ?»

«የጎርፍ መውረጃ ቦይ ናቸው። መንገድ ነው ያላችሁ ማነው?»

ማንም አላለንም። ሁላችንም እርስ በርሳችን ነው የተባባልነው። አንተ ደግሞ ከባሕር ማዶ ሆነህ አጸደቅኸው። የታክሲ ሹፌሩ ወደ አረንጓዴ በሩ ተመለሰና ተደግፎት እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ አጠገቡ ያለችው ሴትዮ ሳቀች፣ ከዚያ ሁላችንም። ምን ይደረግ? አንድ መደዳ ሙሉ ሰው በረንዳውን ለጎርፍ አሳምሮ ሠርቶለታል።

ሳቁ እዚያ ላይ አበቃ። የጨርቅ ነጋዴዋ ከደረጃዋ ሥር ያለውን ቦታ ለስልክ ጠጋኝ ሰጠችው። አልተጣላንም፤ እሱ ኪራይ ይከፍላታል፣ እኔ የተቀመጥኩት በይሉኝታዋ ነበር። አሁን መኪናዬ መኝታ ክፍሌ ውስጥ ናት። የድሮ ደንበኞቼ እዚህ ድረስ አይመጡም። አዲሶቹ ደግሞ በራችን የት እንዳለ አያውቁም። ከኋላ በአዲሱ መንገድ ተማሪው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ሁሉም ሲያልፍ ድምፁን እሰማለሁ። ዚፑ የተበላሸ ስንቱ እንደሚያልፍ ሳስብ ያንገበግበኛል። ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ባለፈው ወር የሰፋሁት የጎረቤት መጋረጃና የእማን ቀሚስ ብቻ ነው። እንዲህ ከቀጠለ መኪናዋን መሸጥ ነው የሚቀረኝ፤ እሷን ከሸጥኩ ደግሞ እጄን አጣጥፌ ያንተን ቀን ጠባቂ ሆንኩ ማለት ነው። እኔ እንደዚያ ሆኜ መኖር አልችልበትም።

ሌሎቹ መላ አግኝተዋል። የታክሲ ሹፌሩ የኋላ ግድግዳውን ሰብሮ አረንጓዴውን በር ነቅሎ እዚያ ተከለው፤ ሚስቱ ሳሙናና ዳቦ ትሸጣለች። የኛ የኋላ ግድግዳ ግን ያንተ ክፍል ነው። መስኮት እንኳ የለውም፤ ድፈኚው ብለህ ተደፈነ። «ነገ» መጥቶ አየውና ደርዘን ጊዜ አንኳኳው። «ይሰበራል፣ ሰፊ በር ይወጣዋል፣ ዛሬውኑ መጀመር እችላለሁ» አለኝ። ዛሬ ሲል ጆሮዬን አላመንኩትም።

እማ ግን አሻፈረኝ አለች።

«ሲመጣ የት ሊተኛ ነው?»

«ሳሎን ይተኛል እማ፣ ሌላ ክፍል እስክንጨምር።»

«የሰውን ክፍል አፍርሰሽ ሰውየውን መተላለፊያ ላይ ታስተኚዋለሽ? እኔ በቁሜ?»

ከዚያ ወዲህ እሷ ያንተን ክፍል ትጠርጋለች፣ እኔ ከአልጋዬ ጋር ተጣብቄ እሰፋለሁ።

አሁን የምጠይቅህን ጥያቄ ማንም አስተምሮኝ አይደለም። አንተ የሰው ቤት አድንቀህ አታውቅም። ስንት ዓመት ሙሉ የሠራህባቸውን ቤቶች ስትረግም ነው የማውቅህ። ስለዚያ ስምንተኛ ፎቅ ኩሽና ግን እንዴት አድርገህ ጻፍክልኝ! ፀሐዩን፣ ጠረጴዛውን፣ ከበሩ ኋላ የተረፈችውን ቦታ ሳይቀር። የሰው ኩሽና እንደዚያ አይወራም።

ልትመጣ ነው ወይስ አትመጣም? ለመኖር ማለቴ ነው። የምትመጣ ከሆነ ግድግዳው ይቆማል፤ እኔ እንደምንም ከተማ ውስጥ ጥግ እፈልጋለሁ። የማትመጣ ከሆነ አፈርሰዋለሁ። አልቆጣህም፤ መሀል ላይ ግን አታቁመኝ። የኔን ደብዳቤ እማ አታየውም። ያንተን ግን እንደማነብላት ታውቃለህ፤ ያንን አውቀህ መልስ።

ልቦና ይስጠን።

እህትህ

*

ነሐሴ 2 ቀን

ለወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሰኔ ላይ የጻፍኩት ደርሶህ ይሆን? በስልክ ስትደውል እማ አጠገቤ ስለምትቆም ልጠይቅህ አልቻልኩም፤ አንተም «ደብዳቤሽ ደርሶኛል፣ እጽፋለሁ» ብለህ ዘጋህ።

እዚህ ዝናብ ነው። ቦዩ ሞልቶ በረንዳችን ሥር ድረስ ይጮሃል። ትናንት አንድ ሰው የተቀደደ ካፖርት ይዞ ከኋላ መንገድ ላይ ቆሞ «ሰፊዋ! ሰፊዋ!» እያለ ግድግዳህን ሲደበድብ ሰማሁት። «ዞረህ ና፣ በቦዩ በኩል!» ብዬ ጮህኩለት። ጭቃውን አይቶ ተመለሰ። ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ሥራ፣ ወዲህ ማዶ እኔ። ያን ዕለት ከልቤ አለቀስኩ፤ ለካፖርቱ አይደለም።

አይሆንም በለኝ። ይሆናል በለኝ። ብቻ አንዱን በለኝ።

እህትህ

*

ነሐሴ 29 ቀን

እታለም፣ እየሰማሽ ነውና አንቺም እማዬ፣

ጤናችሁን አብዝቶ ይስጥልኝ። ክረምቱ በደህና ያውጣችሁ። ይህን ደብዳቤ ስጀምረውና ስቀደው ነው የሰነበትኩት። አሁን ግን እጨርሰዋለሁ። እታለም፣ ምንም ሳትዘልዪ አንብቢላት።

አልመጣም። ላያችሁ እመጣለሁ፣ እሰነብታለሁ፤ ለመኖር ግን አልመጣም።

ያ ኩሽና የኔ ነው። እውነትሽን ነው፤ የሰው ኩሽና እንደዚያ አይወራም። የኔና የባለቤቴ ነው። እሷ ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ እኔ ጠዋት ለሥራ ስወጣ እሷ ከሥራ ትገባለች፣ የምንተያየው እዚያች ጠረጴዛ ላይ ነው። መጋቢት ላይ ስጽፍልሽ ወንድ ልጅ ተወልዶልን ነበር። ከእማ የወረሰው ግንባር አለው። የጻፍኩልሽ ስለ ኩሽናው ነው፤ ልጽፈው የፈለግሁት ግን ስለ እሱ ነበር።

እኛም እንዳንቺው ስንዞር ነው የከረምነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ሰፊ ቤት አይተን ነበር፤ ዛፍ አለው፣ ትንፋሽ አለው፣ ለሁለታችንም ሥራ ግን ሩቅ ነው። ለሥራ የሚቀርበው ደግሞ ጠባብ ነው። ጠባቡን መረጥን። በረጅም ጊዜ የሚከፈል ነው፤ የምልከው የሳሳውም በዚሁ ነው። አንቺ ከዳቦ ቤት ጀርባ ልግባ ስላልሽኝ ከመቀመጫዬ የተነሳሁት ሰውዬ፣ እኔው ራሴ ከዳቦ ቤት አጠገብ ጠባብ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ይህን ስነግራት «እህትህ ባወቀች!» ብላ ሳቀችብኝ። ይኸው እወቂ።

ኅዳር ላይ ሥዕሉን ስሥል ዋሽተህ ነበር ወይ ብትይኝ፣ አልዋሸሁም። ያን ቀን እንደምመጣ አምኜ ነው የሣልኩት። ከዚያ ይህን ቤት አገኘን፣ ወለሉን ከሥራ መልስ ራሴ ማንጠፍ ጀመርኩ። የሰው ስሠራ እንደምቸኩለው አልቸኮልኩም። የመጨረሻውን ሴራሚክ ሳስቀምጥ እዚያው ተንበርክኬ ቀረሁ። አለመምጣቴን ያወቅሁት ያኔ ነው። ልጽፍላችሁ ስል ደግሞ እማ ክፍሌን በውሃ እያርከፈከፈች እንደምትጠርግ ነግረሽኝ ነበርና ሳልጽፈው ቀረሁ። ያ ክፍል እዚያ እስካለ ድረስ ገና ከቤት አልወጣሁም ብዬ ራሴን ሳታልል ኖርኩ። አንቺ ደግሞ በኔ ምክንያት ከአልጋሽ ጋር ተጣብቀሽ ስትሰፊ ከረምሽ። አፍሬያለሁ።

ግድግዳውን አፍርሺው። በሩ ሰፊ ይሁን።

እማዬ፣ አትቀየሚኝ። ወይም ተቀየሚኝና ንገሪኝ፤ ዝም ብቻ አትበዪኝ።

ልጅሽ፣ ወንድምሽ

*

መስከረም 21 ቀን

ለወንድሜ፣ ለአባወራው፣

እንኳን ደስ ያለህ። ልጁ ያድግልህ፣ ለእናቱም ጤና ይስጣት። ይህን የማስቀድመው ተገቢ ስለሆነ ነው፤ የተቆጣሁትን ወደ ታች አስቀምጬልሃለሁ።

ተቆጥቻለሁ። አለመምጣትህ አይደለም፤ ሰው በሄደበት ይኖራል። ያናደደኝ ክረምቱን በሙሉ እንደዚያ ግድግዳ ዝም ማለትህ ነው። ደብዳቤህን ሥራ ላይ ሆኜ ለብቻዬ አነበብኩትና ያን ቀን የሰፋሁትን እጅጌ ገልብጬ ገጠምኩት። ፈትቼ እንደገና ስሰፋው ግን ቁጣዬ አልነበረም። ስለ ልጁ ግንባር የጻፍከውን እያሰብኩ ነበር።

ለእማ አነበብኩላት። ምንም አልዘለልኩም። ስጨርስ ሁለተኛ አንብቢልኝ አላለችም። የልጁን ስም ብቻ ደግመሽ በዪልኝ አለችኝ፤ ከደብዳቤው ጋር በላክኸው የልጁ ፎቶ ጀርባ ላይ የጻፍከውን አልኩላት፣ እሷም አፏ ላይ እስኪለምድላት ደጋገመችው። ከዚያ ተነስታ ክፍልህ ገባች። ትንሽ ቆየች። እንዳለቀሰች ዓይኗን አይቼ አውቄያለሁ፤ እሷም አልደበቀችኝም። «ግንበኛውን ጥሪው» አለችኝ።

በማግስቱ መጣ፣ ሰበረው፣ በዚያው ሳምንት በሩ ገባ። አሁን ይህን የምጽፍልህ እዚያው ተቀምጬ ነው። መኪናዬን ከመግቢያው አጠገብ አድርጌያታለሁ። ያ ባለ ካፖርቱ ሰውዬ ተመልሶ መጥቷል። ዩኒፎርም የሚያሳጥሩ ተማሪዎች ጠዋት ይሰለፋሉ። የታክሲ ሹፌሩ ሚስት የኔን ደንበኞች ዳቦ ታስገዛቸዋለች፣ የሷን ደንበኞች እኔ ቁልፍ እተክልላቸዋለሁ። እጄ ሥራ ሲይዝ ልቤም አብሮ አረፈ። የምትልክልንን አትጨነቅበት፤ ለልጁ ይሁን።

እማ ጠዋት ጠዋት ወንበሯን አምጥታ አዲሱ በር ላይ ትቀመጣለች። የሚያልፈውን ታያለች፣ የማንም ጉዳይ አያመልጣትም። ትናንት ጫፍ እየቀመቀምኩ ሳለ ድንገት ጠየቀችኝ።

«ሁለት ክፍል ነው ያለው?»

«አዎ እማ።»

«አንዱ የነሱ መኝታ ነው። ሌላው ሳሎን ነው። ልጁም አለ።» ጣቷን ታጥፋለች።

«አዎ።»

«እንግዲያው የኔ አልጋ የሚገባበት ቦታ አለው ወይ ብለሽ ጻፊለት።»

ደነገጥኩ፤ መኪናዋን አቆምኳት። «ልትሄጂ ነው እንዴ?»

«ወዴት ልሄድ፣ በዚህ ጉልበት? ስምንተኛ ፎቅ?» አለችኝ፤ ዓይኗን ከመንገዱ ላይ አላነሳችም። «እኔ አስቀምጬለት ነበር። እሱስ አስቀምጦልኝ እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው።»

አልጋዋን ታውቀዋለህ፤ ያው የድሮው ነው። ቦታውን ለክተህ ጻፍልን።

እህትህ